ዳርዊንና የቡቃያው ጫፍ

ቻርልስ ዳርዊን በ1809 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ሽሩዝበሪ በተባለች ከተማ ተወለደ። ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በተባለች መርከብ ዓለምን ዞረ፤ በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍም ስሙ በየአገሩ ተሰማ። በሽምግልናው ዘመን ግን ሐሳቡን የያዘው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ቡቃያ ወደ ብርሃን የሚጎብጠው በምን ምክንያት ነው የሚል ነው።

ዳርዊን ከ1842 ጀምሮ የኖረው ዳውን በተባለ የገጠር መንደር ሲሆን፣ ሕመም ያዘወትረው ነበር። ልጁ ፍራንሲስ በ1876 ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ወደ አባቱ ቤት ተመልሶ ረዳቱ ሆነ። አባትና ልጅ የካናሪ ሣርንና የአጃን ቡቃያ በአንድ ወገን ብቻ ለሚመጣ ብርሃን አጋለጡ። ጫፉን ብርሃን በማያሳልፍ ቆብ ሲሸፍኑት ቡቃያው ቀጥ ብሎ አደገ፤ ጫፉን ገልጠው የታችኛውን ክፍል በደቃቅ ጥቁር አሸዋ ሲቀብሩት ግን ወደ ብርሃኑ ጎበጠ። ስለዚህ ብርሃኑን የሚቀበለው ጫፉ፣ የሚጎብጠው ደግሞ ከጫፉ በታች ያለው ክፍል ከሆነ፣ ከላይ ወደ ታች የሚተላለፍ አንድ ነገር መኖር አለበት። ይህን በ1880 በመጽሐፍ አወጡት።

ፍራንሲስ በ1878 በቤተ ሙከራው የሠራለት ታላቁ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ዩሊዩስ ዛክስ ግን፣ በተለይ ስለ ሥር ጫፍ የተደረጉትን ሙከራዎች ጥንቃቄ የጎደላቸው ናቸው ሲል ነቀፈ። ዳርዊን ክርክሩ ሳይለይለት በ1882 አረፈ።

ፍርዱን የሰጠው ጊዜ ነው። ዴንማርካዊው ቦይሰን የንሰን የተቆረጠውን ጫፍ በጄላቲን ላይ መልሶ ሲያስቀምጠው መልእክቱ በጄላቲኑ ውስጥ ማለፉን አሳየ። በ1926 ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ከጫፉ የሚወጣውን ንጥረ ነገር በአጋር ቁራጭ ላይ አጠራቀመ፤ ቁራጩን ጫፉ በተቆረጠ ቡቃያ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያስቀምጠው ቡቃያው በጨለማ ጎበጠ። ይህ ሆርሞን ኦክሲን ተባለ። ኦክሲን ብርሃን ወደማያገኘው ወገን አመዝኖ ይሄዳል፤ በዚያም ሕዋሶቹ አሲድ ወደ ግድግዳቸው እንዲያስወጡ ያደርጋል፤ ግድግዳው ሲላላ በሕዋሱ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ይለጥጠዋል። ጥላ ያለበት ወገን ከሌላው ይልቅ ስለሚረዝም ቡቃያው ወደ ብርሃኑ ይዘነበላል።

ዳርዊን የዚህን ንጥረ ነገር ስም አላወቀም፤ ነገር ግን በቆብና በአሸዋ ብቻ የሚገኝበትን ስፍራና የሚሄድበትን አቅጣጫ አመለከተ። ጥያቄው በሚገባ ከተለየ ቀላል መሣሪያም እውነቱን ሊገልጥ እንደሚችል የዳውን ቡቃያዎች ምስክር ናቸው።