መታደስን ከራሳቸው የጀመሩ መነኩሴ፦ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል

ጦርነት፣ ረሀብና ስደት ዓለማችንን ሲያስጨንቁ እናያለን፤ እንሰማለንም። የችግሩን ምክንያት ለማወቅ ስንነሣ ግን ጣታችን ወደ ሌላው ለመጠቆም ይፈጥናል። ከዚህ ልማድ እንድንላቀቅ የሚያግዘን አንድ ሕይወት በአገራችን ይገኛል። ይኸውም የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ነው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በጎጃም፥ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ የቀረችው ዓይናቸው ግን ከመጽሐፍ አልተለየችም። በመርጡለ ማርያም ገዳም ገብተውም መነኰሱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበርና መኳንንቱ ስለ ግዛት ይዋጉ፥ ሊቃውንቱም ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩም ከጉባኤ ቤት አልፎ የመሳፍንቱ ጠብ ማባባሻ ይሆን ነበር።

እኒህን መነኩሴ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናቸው የገዳማት ሕይወት መላላት ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ፈቃድ ተቀብለው ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ፤ የምንኵስናን ሥርዓት የያዙ መጻሕፍትንም መረመሩ። በጎንደር ተምረው አስተማሩ፤ ስማቸውም ከታወቁት ሊቃውንት ጋር ተጠራ። የልባቸው ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

በ1841 የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ፥ ጳጳስ እንዲያመጡ መልእክተኞችን ወደ ግብፅ ላኩ። አባ ገብረ ሚካኤል ከመልእክተኞቹ አንዱ ሲሆኑ፥ በደጃዝማቹ ልመና አብረው የተጓዙት ካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፥ በኋላ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል በመጀመሪያ እኒህን የውጭ አገር ካህን በጥርጣሬ ይመለከቷቸው ነበር። ከካይሮ አልፈው ሮም ሲደርሱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያ ረጅም ጉዞ አባ ገብረ ሚካኤል የመንገደኞቹን ቅሬታና ጠብ በትዕግሥት የሚሸከም ትሑት ሰው አዩ። በየገዳሙ ከመጻሕፍት የፈለጉት ሥርዓት በአንድ ሰው ጠባይ ተገልጦ አገኙት። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ሌሎች መነኮሳት ምን ጎደላቸው የሚለው ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ ወደ ራሳቸው ተመለሰ።

በ1844፥ ከአምሳ ዓመት በላይ ሆነው፥ ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድነትን ተቀበሉ። ብዙዎችን ያስተማሩት ሊቅ እንደገና ደቀ መዝሙር ሆኑ። ስሙ በዕውቀቱ ለተጠራ ሰው ከዚህ የሚከብድ መንገድ የለም። በአዲግራት አቅራቢያ በጓላ ለክህነት የሚዘጋጁትን ወጣቶች አስተማሩ፤ ትምህርተ ክርስቶስንም በአገር ቋንቋ ለማዘጋጀት ደከሙ። ክህነት የተቀበሉት በ1851፥ በስድሳ ዓመታቸው ገደማ ነበር።

በ1854 ጎንደር ላይ ታሰሩ። በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው እምነታቸውን እንዲተዉ ቢጠየቁም አልተዉም፤ የሞት ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት ታስረው ሲጓዙ፥ በዚያው ዓመት ክረምት በመንገድ ዐረፉ። በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕነታቸውን አወጁ።

የእርሳቸው ሞት የዘመኑን ጦርነት አላስቆመም፤ የሊቃውንቱንም ክርክር ወዲያው አላበረደም። ነገር ግን ልብ ሲለወጥ ዘመናት የከመሩት ግድግዳ ይነቃነቃል። በ1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ ያላቸውን የጋራ እምነት በአንድ መግለጫ ፈረሙ። ይህ የሆነው ሁለቱም ወገኖች አንዱ ሌላውን ለመስማት ፈቃደኞች በመሆናቸው ነው።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፥ እኛም ስለ ዓለም ሰላም ለልጆቻችን ከማስተማራችን በፊት፥ በቤታችን ያኰረፍነው፣ በጎረቤት የነፈግነው ሰው መኖሩን እንመርምር። አስተማሪ ሆኖ ለመማር መፍቀድ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ውርስ ነውና።

ጸሎታቸውና በረከታቸው ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።