ጄፍሪ አርቸር በሶማሌ ምድር

ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ የሚገኘውና በርበራን፣ ቡርኦንና ሐርጌሳን የሚያጠቃልለው የሶማሌ ምድር ከ1880ዎቹ አንሥቶ እስከ 1960 ድረስ በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር ነበር። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞች ወደዚህ አገር የመጡት ወርቅ ወይም ለም መሬት ፈልገው አልነበረም። ከባሕሩ ማዶ በኤደን ወደብ የሰፈረው ጦራቸው የሚመገበው ሥጋ ከበርበራ የሚሻገር በግና ፍየል ስለነበረ፣ ይህ ቀለብ እንዳይቋረጥባቸውና ሌላ ኃያል መንግሥት ቦታውን እንዳይዝባቸው በመሥጋት ከሶማሌ ጎሣ አለቆች ጋር ውል ተዋዋሉ። ከዚህም የተነሣ ለአገሪቱ የሚያወጡት ገንዘብ ምን ጊዜም አነስተኛ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ይህ ቁጠባቸው በአገሪቱ ላይ ያደረሰው መዘዝ ከጄፍሪ አርቸር የአገዛዝ ዘመን ይበልጥ ጎልቶ የታየበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ጄፍሪ አርቸር የተወለደው በ1882 ነው። አጎቱ ፍሬደሪክ ጃክሰን በምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዝ ከፍተኛ ሹም ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው የአዕዋፍን ዓይነትና ጠባይ የሚያጠና ሰው ነበር። አርቸርም ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ አጎቱ መጥቶ ወፎችን እያደነ ቆዳቸውን ለቤተ መዘክር በማዘጋጀት ሥራውን ጀመረ። ጥቂት ቆይቶም በመንግሥት ሥራ ተቀጥሮ ዛሬ ሰሜን ኬንያ ወደሚባለው በረሃ ተላከ፤ በማርሳቢትና በሞያሌ የመንግሥት ጣቢያዎችን ካቋቋሙት የመጀመሪያዎቹ ሹማምንት አንዱ እሱ ነው። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አርቸርስ ፖስት የተባለችው ትንሽ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። ግመል የሚያረባ ሕዝብ በውሃ ጉድጓድና በግጦሽ እንዴት እንደሚጣላና እንዴት እንደሚታረቅ የተማረው በዚሁ በረሃ ነበር።

አርቸር ወደ ሶማሌ ምድር በተዛወረ ጊዜ አገሪቱ ከባድ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በ1899 የተነሡት የሃይማኖት መሪና ባለቅኔ ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ተከታዮቻቸውን ደርቡሽ ብለው አደራጅተው ባዕዳን ገዥዎችን ይወጉ ነበር። ስሙ ለኢትዮጵያውያን ከመተማ ጦርነት ጀምሮ እንግዳ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የሶማሌ ደርቡሾች ከሱዳኖቹ የተለዩ ናቸው። እንግሊዞች ሰይዱን እብድ የሚል የስድብ ስም አወጡላቸው። የአንድ እብድ ሰው ሠራዊት ግን ከ20 ዓመታት በላይ ኃያላን መንግሥታትን ሊቋቋም ባልቻለ ነበር። ደርቡሾቹ በ1900 ጅጅጋ ከነበረው የኢትዮጵያ ጦር ጋርም ተዋግተዋል፤ ከዚያ በኋላ በተካሄዱት ዘመቻዎችም የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከእንግሊዞች ጋር ተባብሮ ዘምቶባቸዋል።

አራት ዘመቻዎች ያለ ውጤት ካለፉ በኋላ የለንደን መንግሥት ወጪው ስለመረረው፣ በ1910 ሹማምንቱንና ወታደሮቹን ከመኻል አገር አስወጥቶ በባሕር ዳርቻ ብቻ አሰፈራቸው። ለወዳጅ ጎሣዎች ጠመንጃ አድሎ ራሳችሁን ጠብቁ አላቸው። ጠመንጃውም ብዙ ሳይቆይ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ዞረ። ከብቱ ተዘረፈ፤ ሰዉም በረሃብና በጥይት አለቀ። ሶማሌዎች ያን ጊዜ ሃይማኖት የሚከለክለው ምግብ ሳይቀር የተበላበት ዘመን ብለው ያስታውሱታል።

በነሐሴ ወር 1913 ሪቻርድ ኮርፊልድ የተባለ መኮንን መቶ ያህል የግመል ፖሊሶችን ይዞ የደርቡሾችን እንቅስቃሴ እንዲሰልል ብቻ ታዘዘ። እሱ ግን ትእዛዙን ተላልፎ ዱል መዶባ በተባለ ስፍራ ውጊያ ገጠመና ከብዙ ወታደሮቹ ጋር ተገደለ። በዚያን ጊዜ ተጠባባቂ ኮሚሽነር የነበረው አርቸር ከቡርኦ ጥቂት ወታደሮችን ይዞ ወጥቶ የተረፉትን ቁስለኞች ሰብስቦ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት በኮሚሽነርነት ተሾመ፤ በ1919 ደግሞ የሹመቱ ስም ወደ አገረ ገዥነት ከፍ አለ።

ዋና ከተማው በርበራ ነበረች። ሐርጌሳ በዚያን ጊዜ ሼኽ መዳር ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር የመሠረቷት፣ በሃይማኖት ትምህርቷና በእርሻዋ የምትታወቅ አነስተኛ መንደር እንጂ፣ አሕመድ ዳጋህን የመሰሉ ሰፋፊ ሰፈሮች ያሏት የዛሬዋ ታላቅ ከተማ አልነበረችም። የአገሪቱ ዋና ከተማ የሆነችው ከ1941 በኋላ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አርቸር ከለንደን ብዙ ጦርም ብዙ ገንዘብም ሊያገኝ አልቻለም። ስለሆነም የግመለኛውን ጦር እያጠናከረ፣ የደርቡሾችን ምሽጎች አንዳንዱን እያፈረሰ፣ የጎሣ አለቆችን በድጎማ እየያዘ ጊዜውን አሳለፈ። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበው ግን በኢትዮጵያ በኩል የሚሆነው ነበር። ልጅ ኢያሱ ከሰይድ መሐመድ ጋር ይላላኩ ነበርና፣ የጦር መሣሪያ የሚጠግን አንድ ጀርመናዊ ሠራተኛ ሳይቀር ወደ ደርቡሾቹ እንደላኩ ተሰማ። ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ሲወርዱ አርቸር በምዕራብ በኩል የነበረበት ሥጋት ቀለለለት።

የዓለም ጦርነት እንዳበቃ አርቸር የደርቡሾቹ ጉዳይ አንድ ጊዜ እንዲቆረጥ ጠየቀ። የጦር ሹማምንቱ እጅግ ብዙ ወታደርና ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ሲገልጹ፣ አዲስ የተቋቋመው የእንግሊዝ አየር ኃይል ግን በጥቂት አውሮፕላኖች ሥራውን እፈጽማለሁ አለ። በመሆኑም 12 አውሮፕላኖች ተነቃቅለው በሣጥን ታሽገው በመርከብ ወደ በርበራ መጡ። ነገሩ እንዳይታወቅ ቀድመው የደረሱት መኮንኖች ዘይት ለመፈለግ የመጡ ሰዎች ናቸው ተብሎ ተነገረ።

ጥር 21 ቀን 1920 አውሮፕላኖቹ መዲሼ በተባለው የደርቡሾች ሰፈር ላይ ቦምብ ጣሉ። እነዚያ ደርቡሾች ከዚያ ቀን በፊት አውሮፕላን አይተው አያውቁም ነበር። ሰይዱም አዲሱን ነገር ለማየት ከአማካሪዎቻቸው ጋር ከደጅ ቆመው ሳለ ቦምቡ አጠገባቸው ፈነዳ፤ ከጎናቸው የነበሩት አጎታቸው ሲሞቱ እሳቸው ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኖቹ ሕዝቡንና መንጋውን ከምሽግ ወደ ምሽግ እያሳደዱ፣ የግመለኛው ጦርና የጎሣው ዘማች ደግሞ በምድር እየተከተሉ፣ በየካቲት 9 ቀን የመናውያን ግንበኞች በድንጋይ የሠሩት ታላቁ የታሌህ ምሽግ ተያዘ። ሃያ አንድ ዓመት የፈጀው ጦርነት በሦስት ሳምንት ገደማ አበቃ። ዘመቻው የፈጀው ገንዘብ 77,000 ፓውንድ ያህል ስለነበረ በለንደን ርካሹ ጦርነት ተብሎ ተወደሰ። በሰፈሩ ውስጥ ከተዋጊዎቹ ጋር የነበሩት ሴቶችና ሕፃናት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም።

አርቸር ለድሉ ትልቁን ምስጋና የሰጠው ለአውሮፕላኖቹ ነው። በምድር የተዋጉት መኮንኖች ግን በዚህ አልተስማሙም። በእርግጥም የሸሸውን ኃይል በበረሃ ተከታትሎ የበተነው፣ ከብቱንም የማረከው በእግርና በግመል የሄደው ሠራዊት ነበር፤ ከዚህም ሠራዊት የሚበዛው ሶማሌ ነው። በዚያው ዓመት አርቸር የሰር ማዕረግ ተሰጠው።

ሰይድ መሐመድ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ኦጋዴን ገቡ። አርቸር የሃይማኖት አባቶችን ልኮ እጃቸውን ከሰጡ ምሕረትና መኖሪያ እንደሚሰጣቸው ቢያስታውቃቸውም አልተቀበሉትም። ከዚህም በኋላ የጎሣ ጦር ዘመተባቸውና ወደ ሸበሌ ወንዝ አፈግፍገው፣ በ1920 መጨረሻ ላይ ኢሚ አካባቢ በኢንፍሉዌንዛ በሽታ ሞቱ።

በመጋቢት 1921 ዊንስተን ቸርችል የመካከለኛው ምሥራቅን ጉዳይ ለመወሰን በካይሮ ጉባኤ ሲጠራ አርቸርም ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሆነ። ለለንደን የአራዊት መጠበቂያ የሚላኩ ሁለት የአንበሳ ደቦሎች ይዞ ስለነበረ፣ በጉባኤተኞቹ የማስታወሻ ፎቶግራፍ ላይ ደቦሎቹ ከፊት ተነሥተዋል። ጉባኤው የመከረበት አንዱ ጉዳይ ግን የሚያስፈግግ አልነበረም፤ ኢራቅን በብዙ እግረኛ ጦር ፈንታ በአየር ኃይል መጠበቅ የሚል ነበርና፣ ለዚህም የሶማሌ ምድር ዘመቻ እንደ ምሳሌ ታየ።

አርቸር ከጦርነቱ በኋላ ያሰበው ሥራ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። ትምህርት ቤቶችን ለመክፈት፣ አስተዳደሩንም ለማስፋፋት አቀደ። ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ ለንደን ስለማትሰጥ ከሕዝቡ ቀጥተኛ ግብር መሰብሰብ አለበት ብሎ ወሰነ። ሕዝቡ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ተመለከተው። አባቶቻቸው ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት እንደ ወዳጅ እንጂ እንደ ተሸናፊ አልነበረም፤ ግብር ደግሞ የሚከፍለው የተሸነፈ ነው። ባዕዳን የሚያቋቁሙት ትምህርት ቤትም የልጆቻችንን ሃይማኖት ያስለውጣል የሚል ፍርሃት ነበራቸው። ይህን የመሰለ ጉዳይ ከሽማግሌዎች ጋር ረዘም ያለ ምክር የሚጠይቅ ነበር፤ ያ ምክር በበቂ አልተደረገም።

በየካቲት 24 ቀን 1922 በቡርኦ ሁከት ተነሣ። የአውራጃው ሹም ሻምበል አለን ጊብ ሕዝቡን ለማረጋጋት ሲሞክር በጥይት ተመትቶ ሞተ። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የጎሣውን ጦር መርቶ ደርቡሾችን ያሳደደ ነበር። አርቸር ወዲያውኑ ወደ ኤደን ቴሌግራም ላከ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት አውሮፕላኖች ደርሰው ቡርኦን በቦምብ ደበደቡ። ቀድሞ አውሮፕላን የተላከው መንግሥት ጠላት ባላቸው ሰዎች ላይ ነበር፤ አሁን ግን በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከመንግሥት ጎን ቆመው ልጆቻቸውን ለዘመቻ በሰጡ ጎሣዎች ከተማ ላይ ተላከ። ሕዝቡም ብዙ ግመል እንዲቀጣ ተደረገ።

ይሁን እንጂ ግብሩ አልተሰበሰበም። መንግሥት ነገሩ እንዳይባባስ ፈርቶ ቀጥተኛውን ግብር ተወው፤ የትምህርቱም ዕቅድ አብሮ ወደቀ። የመንግሥት ትምህርት እንደገና መልክ መያዝ የጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ማሐሙድ አሕመድ ዓሊ የተባሉ ሶማሌ መምህር በበርበራ ማስተማር ከጀመሩ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል ያደጉት ልጆች ከቁርአን ትምህርት ቤት በቀር የሚገቡበት ትምህርት ቤት እምብዛም አልነበራቸውም።

በዚህ ምድር ላይ ቦምብ የጣሉት ግን ባዕዳን ብቻ አይደሉም። በ1988 የመሐመድ ሲያድ ባሬ መንግሥት ከሐርጌሳ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን የሚደበድቡ አውሮፕላኖች አሰማርቶ ነበር። ተመትቶ ከወደቀው አንዱ ሚግ አውሮፕላን በሐርጌሳ መኻል ከፍ ባለ መሠረት ላይ ለመታሰቢያ ቆሟል።

አርቸር በ1922 ከሶማሌ ምድር ተነሥቶ ቀጥሎ የኡጋንዳ አገረ ገዥ ሆነ። በ1924 የሱዳኑ ጠቅላይ ገዥ ሊ ስታክ በካይሮ ከተማ ሲገደል፣ በእሱ ቦታ አርቸር ተሾመ። ወታደር ሳይሆን ለዚህ ሥልጣን የበቃ የመጀመሪያው ሰው ነበር። በ1926 መጀመሪያ በነጭ ዓባይ ላይ ወደምትገኘው የአባ ደሴት ሄዶ፣ የማህዲን ልጅ ሰይድ አብዱል ራሕማንን ሙሉ የማዕረግ ልብሱን ለብሶ በይፋ ጎበኛቸው። የካርቱም ሹማምንት ይህ ክብር ለማህዲ ልጅ ከልክ ያለፈ ነው ብለው አጉረመረሙ። አርቸርም በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለቀቀ። በሶማሌ ምድር ደርቡሾችን በቦምብ ያባረረው ሰው፣ በሱዳን የደርቡሾቹን መሪ ልጅ አከበርህ ተብሎ ከሹመቱ መውረዱ የሚያስገርም ነው። ምናልባት ሁለቱ ሥራዎቹ እርስ በርስ የሚጣሉ አልመሰሉትም ይሆናል፤ በሶማሌ ምድርም ከቦምቡ በኋላ የላከው የሃይማኖት አባቶችን ነበርና።

ከዚያም በኋላ በሕንድ አገር በጨው ማምረት ሥራ ላይ ቆየ። የወጣትነት ሥራውን ግን አልተወም ነበር። በበርበራና በሐርጌሳ አካባቢ በገዥነት ሲዘዋወር የሰበሰባቸውን ወፎች መሠረት አድርጎ፣ ከኢቫ ጎድማን ጋር ስለ ሶማሌ ምድርና ስለ ኤደን ባሕረ ሰላጤ አዕዋፍ አራት ቅጽ መጽሐፍ አዘጋጀ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች በ1937፣ የመጨረሻዎቹ በ1961 ታተሙ። አርቸር በ1964 ሞተ።

በስሙ ከሚጠሩት ወፎች አንዷ የአርቸር ላርክ ትባላለች። ድንቢጥ የምታክል፣ የሣር መልክ ያላት፣ ሰው ሲቀርባት ከመብረር ይልቅ በሣሩ መካከል ሮጣ መሸሸግን የምትመርጥ ወፍ ናት። አርቸር ያገኛት ከሐርጌሳ በስተምዕራብ በቶጎ ውጫሌ ሜዳ ላይ ነበር። እሱ አገሩን ከለቀቀበት ከ1922 ወዲህ በዚያ በኩል በእርግጠኝነት ያያት አልተገኘም። በኢትዮጵያ በኩል ግን ጅጅጋ አጠገብ ጥቂቶች መኖራቸው ታውቋል፤ በ2013 የታተመ ጥናትም ነጌሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ ከምትኖረው ወፍ ጋር አንድ ዘር መሆኗን አሳይቷል። በሁለቱም ስፍራ የምትሸሸግበት ሣር በእርሻና በከብት ብዛት እየቀነሰ ነው።