ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ራሱ ሳይመለስ ሥዕሎቹ አገር የገቡለት ሰው

ዛሬ የአንድ ሰው ታሪክ ይዘን መጥተናል። አንድ ሻይ ጠጥታችሁ እስክትጨርሱ ታልቃለች፣ እስከ መጨረሻው አንብቧት። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለ አንድ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። አንድ ቀን የሥዕል ዐውደ ርዕይ ይከፈትበታል። ሌላ ቀን ኮንሰርት ወይም የግጥም ምሽት ይኖራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወጣቶች ተሰብስበው ስለ ሥዕል ይማሩበታል፣ ይከራከሩበታል። ስሙ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ይባላል።

የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ? ባለስሙ ሰውዬ የዚህን ሙዚየም በር አንድም ቀን አላየውም። ቤቱ በስሙ ሲከፈት እሱ ከሞተ 27 ዓመት ሆኖት ነበር። የሞተውም ከአገሩ ርቆ፣ ሰው አገር ነው።

ታዲያ ማን ነበር?

ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ውስጥ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡም ነበር። ልጁ እንግዲህ ቀለምና ብሩሽን ያወቀው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ፣ አባቱ ሲሠሩ እያየ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ይህንን ነገር ከማንም በላይ ይረዳዋል። በእኛ አካባቢ የጥበብ ትምህርት የተጀመረው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ አይደለም። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነች። ከየአገሩ የመጣ ደቀ መዝሙር ድጓውን አጽንቶ ለመመስከር የሚሄደው ወደዚያ ነው። የቆማ ዜማም በስሙ የሚታወቅ ነው። በነዚህ ቦታዎች መምህሩ ያስተምራል፣ ተማሪው በበዓል ቀን በሰው ፊት ይዘምራል፣ መጽሐፉ ደግሞ ተጽፎ ይቀመጣል። ማስተማር፣ ማሳየት፣ ማስቀመጥ። ዜማው ይህን ያህል ዘመን የኖረው እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ስለነበሩ ነው። ይህንን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ገብረ ክርስቶስ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አዲስ አበባ መጣ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባና ግብርና ማጥናት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ኮሌጅ የገባ ልጅ ማለት ነገ ትልቅ ወንበር የሚጠብቀው ሰው ማለት ነው። እሱ ግን ልቡ እዚያ አልነበረም። ትምህርቱን ጥሎ ወጣና ሥዕሉን ያዘ። ዛሬም ቢሆን ይህንን ለቤተሰብ ማስረዳት ቀላል አይደለም፣ ያኔማ አስቡት።

በ1957 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄደ። እዚያ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ዓይን ያየውን እንዳለ መቅዳት ከተዉ ቆይተዋል። ስሜትን በቀለም፣ በመስመርና በቅርጽ ብቻ መግለጽ ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ ገዛው። ትምህርቱን ጨርሶም ሥራዎቹን እዚያው ለሕዝብ አሳየ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገሩ ተመለሰ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በ1963 ደግሞ ሥራዎቹን ለአገሩ ሰው በዐውደ ርዕይ አቀረበ።

ሰዉ ግራ ገባው! ሥዕል ማለት ቅዱስ፣ ንጉሥ ወይም የጦር ሜዳ ነው ብሎ ለለመደ ዓይን፣ ማንን እንደሚመስል የማይታወቅ የቀለም ሸራ ምኑ ሥዕል ነው? የፈረንጅ ነገር ይዞብን መጣ፣ ኢትዮጵያዊ አይደለም ያሉትም ነበሩ። እሱ ግን አልተመለሰም። ደግሞ ሥራዎቹን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አገሩን ያገኛቸዋል። ጎልጎታ የተባለውን ሥዕሉን ውሰዱ። ስቅለት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የምናውቀው ታሪክ። እሱ ግን ታሪኩን ሳይሆን ስቃዩን ነው የሣለው። ሸራው ደም በመሰለ ቀይ ተሞልቷል። የአለቃ ደስታ ልጅነቱ አለቀቀውም ማለት ነው፤ ያንኑ የአባቱን ታሪክ በሌላ ቋንቋ ነገረው።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት አሸነፈ። ዓመት ቀደም ብሎ ይህንኑ ሽልማት የወሰደው አፈወርቅ ተክሌ ነበር። ትናንት ምንድን ነው ይሄ የተባለለት ሰው፣ ዛሬ የአገሪቱን ትልቁን ሽልማት ተቀበለ።

እንደ ሽልማቱ ብዙ የማይወራለት ማስተማሩ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ እስክንድር ቦጎሲያን ከፈረንሳይ ተመልሶ ተቀላቀለውና ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በነሱ እጅ ካለፉት አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዛሬ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ሥዕል ስንል የምናየው ብዙው ነገር ከዚያ ክፍል የወጣ ነው።

በዚያ ላይ ገጣሚም ነበር። ሀገሬ የተባለውን ግጥሙን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ ምናልባት መድረክ ላይ ወጥታችሁ አንብባችሁታል። የጻፈው ይሄ ሠዓሊ መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በግጥምም ቢሆን የተለመደውን ቤት አመታትና ርዕስ ሰበር አድርጎ አዲስ ነገር ሞክሯል። ሥዕሉ ላይ ያደረገውን ማለት ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሥዕል የመፈክርና የፖስተር አገልጋይ እንዲሆን ተፈለገ። ከአንድ ቀለም ጋር ሲታገል የኖረ ሰው እዚያ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከአገር ወጣ። ቤቱንም፣ ሥዕሎቹንም፣ ተማሪዎቹንም ጥሎ ነው የሄደው። በኬንያ አድርጎ ጀርመን፣ በመጨረሻም አሜሪካ ደረሰ። ማረፊያው ኦክላሆማ ውስጥ ያለች ሎተን የምትባል ከተማ ሆነች። እዚያ ማን ያውቀዋል? አዲስ አበባ ላይ ስሙ የገነነው ሰው ሎተን ላይ አንድ ስደተኛ ነው።

በ1981 እዚያው ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ስለ አገር ናፍቆት እንዲያ አድርጎ የጻፈ ሰው፣ ያ ናፍቆት ራሱ ላይ ደረሰ።

ታሪኩ እዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሥዕሎቹ እየተበታተኑ፣ ስሙም እየደበዘዘ። የብዙ ሠዓሊ ታሪክ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ያላለቀበት ምክንያት ግን አለ። ጀርመን ውስጥ የቀሩ ሥራዎቹን አደራ ብለው ያቆዩ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ሥዕሎቹ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ በ2008 በጀርመን ድጋፍ ማዕከሉ ተቋቋመ። ግጥሞቹም ተሰብስበው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርዕስ ታትመዋል። ሰውየው አልተመለሰም፣ ሥራው ግን ተመለሰ።

ልብ በሉ፣ ቤቱ የሙት መታሰቢያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የሱ ሥዕሎች ባሉበት ግቢ የዛሬ ወጣት ሥራውን ይሰቅላል፣ ሙዚቀኛው ይጫወታል፣ ገጣሚው ያነባል፣ ተማሪው ይማራል። ማስተማር፣ ማሳየት፣ ማስቀመጥ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ሦስቱ ነገሮች እዚህ ተገናኙ። ቤተልሔም ለዜማ ያደረገችውን ነው ይህ ቤት ለሥዕል የሚያደርገው።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ንፋስ መውጫ ላይ በደብተሩ ጀርባ የሚሥል ልጅ አለ። ክራር የሚሞክር አለ። ስልኩ ላይ ግጥም ጽፎ ለማንም ሳያሳይ የሚያጠፋ አለ። ችሎታ አልጠፋም። ችሎታ ግን ማደሪያ ይፈልጋል። ገብረ ክርስቶስን ያህል ሰው እንኳ ሥራው የዳነው አንድ ሰው አንድ ቦታ ስላስቀመጠለት ነው።

ሙዚየም እስኪሠራ መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል። አንድ የትምህርት ቤት ክፍል፣ አንድ አዳራሽ፣ በወር አንድ ቅዳሜ። ግድግዳው ላይ ሥዕል፣ ጥግ ላይ ክራር፣ መሐል ላይ የሚያስተምር አንድ ታላቅ። ቤተልሔምም ብትሆን የቆመችው መምህር ስላልጠፋባት ነው።

አዲስ አበባ ለጉዳይ የምትሄዱ ደግሞ ስድስት ኪሎ ጎራ በሉ። ጎልጎታን በስልክ ከማየት ሸራ ፊት ቆሞ አንድ ሥዕሉን ማየት ሌላ ነው።

እናንተስ? እጁ ላይ ነገር ያለው፣ ግን ማሳያ ቦታ ያጣ ልጅ በአካባቢያችሁ አለ? ይህችን ጽሑፍ ላኩለት።