አባ ገመቺስና የጋራው የቃላት መዝገብ

ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ የወለጋ ሰው በይበልጥ የሚያውቃቸው አባ ገመቺስ፣ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተወለዱበት ስም ሂካ ሲሆን ትርጉሙ አስተርጓሚ ማለት ነው። የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ አባታቸው ሞቱ፤ በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ወስደው ሸጧቸው። ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፉ ቆይተው በ1870 ምጽዋ ላይ ዌርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣቸው፤ በዚያው ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገቡ። በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ። በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ያደረጉት ሙከራ ስላልተሳካ፣ ሥራቸውን ከቀይ ባሕር ዳር ሆነው ቀጠሉ።

ችግሩም ከዚህ ላይ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ያህል ሥራ ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ የተነሡት ሰው በልጅነታቸው ከቋንቋው አገር የተነጠቁ ናቸው። በ1886 ግን የኢጣሊያ መርከቦች ወደ የመን ይሻገሩ የነበሩ ባሮችን አስጥለው ወደ ምንኩሉ አመጡ፤ ከነዚህም መካከል ወጣቷ አስቴር ጋኖ ነበሩ። ኦኔሲሞስ የቋንቋ ተሰጥኦአቸውን ተመልክተው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ አደረጉ። መዝገቡ በመጀመሪያ ያገለገለው በ1893 ለታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም ማረሚያነት ነው።

የሕይወት ታሪክ በኢንጂነሮች መጽሔት ምን ይሠራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ብዙዎች በአንድ የኮድ ማከማቻ ላይ በጋራ ሲሠሩ ኮንቲኒዩስ ኢንተግሬሽን የምንለውን ሥርዓት እንዘረጋለን፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሥራውን በየዕለቱ ከጋራው ጋር ያዋሕዳል፣ ሰርቨሩ ጠቅላላውን ወዲያው ገንብቶ ይፈትናል፣ የተበላሸ ቢገኝ ከሌላው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ ይጠገናል። ሰርቨሩን መትከል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ከባዱ ሁሉም የሚገዛለትን መለኪያ ማቆም ነው፤ መለኪያ የሌለው ሰርቨር አረንጓዴ ምልክት እያሳየ ስሕተቱን ያሳልፋል። በእኔ አስተያየት የአስቴር መዝገብ ለትርጉሙ ሥራ እንዲህ ያለ መለኪያ ነበር። ልዩነቱ ፈታኙ ማሽን ሳይሆን የሰው ጆሮ መሆኑ ነው። መዝገቡ ለማረሚያ መዋሉም ሊያስገርመን አይገባም፤ እኛም ብዙውን ጊዜ ፈተና የምንጽፈው ቀድሞ ለተጻፈ ኮድ ነው።

አስቴር አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከቃል ወደ ጽሑፍ መለሱ፤ ብዙዎቹም በ1894 በወጣው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም በ1897 ተፈጽሞ፣ ኦኔሲሞስ ኅትመቱን እየተቆጣጠሩ በ1899 በስዊስ አገር በሳንክት ክሪሾና ታተመ። ማከማቻዎቻችን የእያንዳንዱን መስመር ጸሐፊ ስም ይመዘግባሉ። የመጽሐፉ የርእስ ገጽ ግን ተርጓሚነቱን ለኦኔሲሞስ ሰጥቶ፣ አስቴር የድርሻቸውን ያህል ሳይታወቁ ቀሩ፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ይመስለኛል።

በ1904 ሁለቱም ወለጋ ገቡ። ኦኔሲሞስ መጀመሪያ በቦጂ፣ ቀጥሎም በነቀምቴ ተቀመጡ፤ የለቃ ነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ነገር ግን ክስ ተነሥቶ በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ አቡኑ እንዲሰደዱ ቢፈልጉም ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ሽረው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፣ መስበክን ግን ከለከሉ። ፈቃዱ የተገኘው በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። ኦኔሲሞስ በ1931 ነቀምቴ ላይ ዐረፉ፤ በዚያችው ከተማ መምህር የነበሩት አስቴር ደግሞ በ1964።