ሌቭ ኩሌሾቭ፦ የኤዲቲንግ መምህሩ ሕይወትና ለመርካቶ ተማሪ ፊልም ያለው ፋይዳ

በመርካቶ አጭር ፊልም የሚሠራ ተማሪ የሚቀረጽ ነገር አይቸግረውም። ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ከምናለሽ ተራ እስከ በርበሬ ተራ የሚከራከር ገዢ፣ የሚመዝን ነጋዴና ሥራ የሚጠብቅ ተሸካሚ ሞልቷል። ፈተናው የሚጀምረው ከተቀረጸው ውስጥ የትኛውን ምስል ከየትኛው ጋር መቀጠል እንደሚገባ ሲታሰብ ነው። ይህን ጥያቄ ቀድመው በሥርዓት ከመረመሩት አንዱ ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ነው። የሕይወት ታሪኩም የኤዲቲንግ ስልት ምርጫ ከሙያ ብልሃት አልፎ የትርጉምና የእውነት ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል።

ኩሌሾቭ እ.ኤ.አ. በ1899 ታምቦቭ በተባለች ከተማ ተወለደ። ሞስኮ ውስጥ ሥዕል ከተማረ በኋላ በ1916 በዳይሬክተር የቭጌኒ ባወር ሥር የፊልም ትዕይንት ንድፍ ሠሪ ሆነ። የመጀመሪያ ፊልሙን የመሐንዲስ ፕራይት ዕቅድን በ1918 ለእይታ አቀረበ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱም ወቅት ከግንባር ዜና የሚቀርጹ ባለሙያዎችን መራ። በ1919 ሞስኮ ውስጥ የመንግሥት ፊልም ትምህርት ቤት ሲቋቋም በዚያ ማስተማር ጀመረ። በዙሪያው ከተሰበሰቡት ተማሪዎች መካከል በኋላ ታላላቅ ዳይሬክተሮች የሆኑት ፑዶቭኪንና ባርኔት ይገኙበታል።

በጊዜው ጥሬ ፊልም እጅግ ብርቅ ነበር። በመሆኑም ተማሪዎቹ ታሪኩን በምስል ከፋፍለው ያለ ፊልም በመድረክ ላይ ይተውኑ ነበር፤ ቀደም ሲል የተሠሩ ፊልሞችንም እየቆራረጡ በአዲስ መልክ ይቀጥሉ ነበር። እጥረቱ እያንዳንዱ ምስል ከመቀረጹ በፊት ከጎረቤቱ ጋር ያለው ዝምድና እንዲታሰብበት አስገደደ።

ስሙን ያስጠራው ሙከራ የተወለደው ከዚህ ልምምድ ነው። ኩሌሾቭ የተዋናዩን የሞዡኪንን አንድ ስሜት አልባ ፊት ከተለያዩ ምስሎች ጋር አቀናጀ፤ ተመልካቹም በዚያው ፊት ላይ በየጊዜው የተለያየ ስሜት እንዳነበበ ይነገራል። ሙከራው የተቀረጸበት ፊልም አልተረፈም፤ የምስሎቹንም ዓይነት ኩሌሾቭና ፑዶቭኪን በተለያየ መልኩ ገልጸውታል። በሌላ ሙከራ በተለያዩ የሞስኮ ሥፍራዎች የተቀረጹ ተዋንያንን ዋሽንግተን ከሚገኘው ዋይት ሐውስ ምስል ጋር በመቀጠል በየትም የሌለ አንድ ቦታ ፈጠረ።

ውጤቱ ግን የማይሻር ሕግ አይደለም። በ1992 የታተመ የፕሪንስና የሄንስሊ ጥናት ሙከራውን ደግሞ የተነገረለትን ውጤት ሳያገኝ ቀርቷል፤ በ2006 የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት ግን አጎራባች ምስል የፊትን ንባብ እንደሚለውጥ አመልክቷል።

ኩሌሾቭ በ1924 ሚስተር ዌስት በቦልሼቪኮች ምድር የተሰኘውን አስቂኝ ፊልም፣ በ1926 ደግሞ በጥቂት ተዋንያንና በአንዲት ጎጆ ዙሪያ የተገነባውን በሕጉ መሠረት ሠራ። በ1930ዎቹ ከይዘት ይልቅ ለቅርጽ ያደላል ተብሎ ቢወገዝም ማስተማሩን አላቋረጠም። በ1944 የሞስኮው የፊልም ተቋም ኃላፊ ሆነ፤ በ1970ም ዐረፈ።

የዚህ ሕይወት ትምህርት በመርካቶ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ቦታን ይመለከታል። መርካቶ በየሸቀጡ ዓይነት በተራ የተከፋፈለ በመሆኑ ገበያውን የሚያውቅ ተመልካች የቆመበትን ሥፍራ ከሸቀጡ ይለያል። በርበሬ ተራ የገባች ገጸ ባሕርይ በቀጣዩ ምስል ምናለሽ ተራ ብትወጣ መንገዱ መዘለሉን ይገነዘባል። ስለዚህ መንገዱና ሰዓቱ የታሪኩ አካል ከሆኑ የቦታን ተከታታይነት የሚጠብቅ ኤዲቲንግ ይመረጣል፤ ዓላማው የገበያውን ግርግር ማሰማት ከሆነ ደግሞ ሞንታዥ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ሰውን ይመለከታል። የአንድ ተሸካሚ ፊት ከተቆለለ ገንዘብ ጋር ቢቀጠል ምኞት፣ ከተዘጋ ሱቅ ጋር ቢቀጠል ተስፋ መቁረጥ ሊነበብበት ይችላል። በልብ ወለድ ፊልም ይህ የትወና አጋዥ ነው። በዘጋቢ ፊልም ግን ሰውየው ያላየውን ነገር እንዳየ፣ ያልተሰማውንም እንደተሰማው አድርጎ መመስከር ይሆናል። ያንኑ ፊት በሁለት ወይም በሦስት መንገድ ቀጥሎ፣ ዓላማውን ለማያውቁ ተመልካቾች ማሳየትና የተረዱትን መጠየቅ ከኩሌሾቭ ዘመን ይልቅ ዛሬ እጅግ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመረጠው ስልት በግምት ሳይሆን በማስረጃ የተመረጠ ይሆናል፤ የተቀረጸውም ሰው ያልሆነውን ከመባል ይድናል።