እቴጌ ጣይቱና የአነጋገራችን ሚዛን

ቋንቋ ሚዛን ነው። በየዕለቱ ከአፋችን የሚወጣው ቃል፣ እኛ ሳናስበው፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል። አንዲት ሴት ደፋር ሆና ስትገኝ ልናመሰግናት ስንፈልግ፣ ወንድ ናት፣ ወይም የሴት ወንድ ናት እንላለን። ወንዱ ሲፈራ ደግሞ፣ ምነው ሴት ሆንክ ብለን እንዘልፈዋለን። ድፍረትንም ራሱን ወንድነት ብለን ሰይመነዋል። እንግዲህ የአንደኛው ጾታ ስም ምስጋና፣ የሁለተኛው ስድብ ሆኖ ከኖረ፣ ሴቲቱ በምትመሰገንበት ሰዓት እንኳ ሴትነቷን ተቀምታ ነው ማለት ነው። ይህን ነገር ለመመርመር ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አናገኝምና፣ ወጣት አንባቢዎቻችን ታሪካቸውን ከእኛ ጋር እንዲከተሉ እንጋብዛለን።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግድም ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ ፈትልና የጓዳ አስተዳደር ትማር ነበር እንጂ መጽሐፍ መዘርጋት የሷ ድርሻ ሆኖ አይቆጠርም ነበር። ጣይቱ ግን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ግእዝም ያውቁ ነበር፤ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። በሚያዝያ ወር 1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በተክሊል በተጋቡ ጊዜ፣ ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የገባችው ሙሽራ ያነበበችና ያሰበች ሴት ነበረች።

በሕዝባችን ዘንድ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚል የታወቀ ተረት አለ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ተረት የሴትን ዕውቀት በወንድ ከማስፈጸሙም በላይ፣ ስለ ሴት እየተናገረ ግሡን በወንድ አንቀጽ ነው የሚያስረው። ታውቃለች ሊላት የሚገባውን ያውቃል ብሎ ያልፋታል። የእቴጌ ጣይቱ ሥራ ግን ከዚህ ተረት ጋር አልተስማማም። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውኃው አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ፣ ቦታውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እርሳቸው ናቸው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት በተባሉበት በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. እርሳቸውም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለውንም ስም ያዙ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የውጫሌ ውል ክርክር ነው። በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ውል በ17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ሁለት ዓይነት ቃል ይዞ ተገኘ። አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትነጋገር በኢጣልያ በኩል ለመላክ ትችላለች ሲል፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገው ነበር። በ1883 ዓ.ም. የኢጣልያ መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን ለማለዘብ በመጣ ጊዜ እቴጌይቱ ከጉባኤው አልራቁም። ሴት መሆናቸውን፣ ጦርነትንም እንደማይወዱ፣ ነገር ግን አገራቸው በሌላ ጥበቃ ሥር ከምትውል ጦርነቱን እንደሚመርጡ መናገራቸው በታሪክ የታወቀ ነው። እኛም እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እቴጌይቱ ወንድ ነኝ ብለው አልፎከሩም። ከዚያ የበለጠ ድፍረት የሚጠይቀውን ቃል ሴት ነኝ ብለው ጀመሩት። አንድ አንቀጽ አገር ሊያስወስድ የሚችል መሆኑን ያየች ሴት፣ የአንዲት ቃልን ክብደት በሚገባ ታውቅ ነበር።

ጦርነቱም አልቀረም። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ወደ ሰሜን ዘመቱ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ኢጣልያኖች በመቀሌ ምሽግ ውስጥ በተከበቡ ጊዜ፣ ምሽጉን ፊት ለፊት መግጠም ብዙ ሰው የሚያስፈጅ ሆነ። የምሽጉ ሰዎች የሚጠጡት ውኃ ከቅጥሩ ውጭ ነበርና፣ ምንጩ እንዲያዝ የመከሩት እቴጌይቱ መሆናቸው ተመዝግቧል። ውኃው ተያዘ፤ ጠላትም በጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦር ሜዳ ደግሞ ወታደሩን ሲያበረታቱ ዋሉ፤ ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊው ውኃ አስቀረቡ፤ ቁስለኛም አስነሡ። እንስራ መሸከም የሴት ሥራ ነው እየተባለ ሲናቅ የኖረ ነገር ነው፤ በዚያ ቀን ግን ያ የተናቀው እንስራ ከጠመንጃው ጋር አብሮ ተዋጋ።

የአነጋገራችን ሚዛን ማጋደሉ ጎልቶ የታየው ግን በኋላ ነው። አፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ከሥራ ሲለዩ ሥልጣኑ በእቴጌይቱ እጅ ገባ። እርሳቸውም ሾሙ፣ ሻሩ፤ ዘመዶቻቸውንም አቀረቡ። የሸዋ መኳንንት በዚህ መከፋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ይህን መካድ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ሆኖም ዘመዱን ያልሾመ ወንድ ገዥ በዚያ ዘመን ማን ነበር? በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ አንድ ሆነው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን ከማስታመም በቀር በሌላ ነገር እንዳይገቡ አደረጉ። ለወንድ ሹም ጥፋት የሚባለው ነገር ለእርሳቸው ከቦታ ማለፍ ሆኖ ተቆጠረ፤ ቅጣቱም ወደ ጓዳ መመለስ ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እንጦጦ ተቀምጠው በየካቲት ወር 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። በመጀመሪያ በእንጦጦ ማርያም ተቀብረው፣ ኋላ አጽማቸው ወደ በዓታ ለማርያም ፈልሶ ከባለቤታቸው አጠገብ አረፈ።

እንግዲህ ልብ ብለን ብንመለከት፣ እቴጌ ጣይቱ ድል ባደረጉ ጊዜ እንደ ወንድ ተባሉ፤ በወደቁ ጊዜ ግን ሴትነታቸው ትዝ አለን። ድሉን ለወንድነት፣ ውድቀቱን ለሴትነት የሚያስመዘግብ ሚዛን እውነተኛ ሚዛን አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ቋንቋ ከአባቶች የተወረሰ ስለሆነ አይነካም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ቋንቋ እንደ አስፈላጊነቱ ሲሰፋ አይተናል። በ1909 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ በዙፋን በተቀመጡ ጊዜ፣ እቴጌ የሚለው ማዕርግ የንጉሥ ሚስት መጠሪያ ነበርና አልበቃም፤ ስለዚህ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። ነገሩ ሲመጣ ቃሉም ተገኘ። ጎበዝ የሚለውንም ቃል እንውሰድ። ጥንት የጎለመሰ ወጣት ወንድ መጠሪያ ነበር፤ የጎበዝ አለቃ የሚባለው ሹመት ለዚህ ምስክር ነው። ዛሬ ግን ትምህርቷን በሚገባ የያዘችውን ልጅ ጎበዝ ስንላት ማንም ወንድ ሆነች ብሎ አያስብም።

ስለዚህ እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት፣ አብራችሁ የምትማረው ወይም የምትሠራው ሴት አንድ መልካም ሥራ ስትፈጽም፣ ደፋር ናት፣ አስተዋይ ናት፣ ጎበዝ ናት በሉ። ስትሳሳትም ስሕተቱን በስሙ ጥሩት እንጂ ሴት ስለሆነች አትበሉ። ለእቴጌ ጣይቱ ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ የሚስማማቸው መታሰቢያ፣ ጀግንነታቸውን ከሴትነታቸው ሳንለይ የምንናገርበት አንደበት ነው።