በፈተና አንደኛ፣ በግዢ የወደቀ ጠመንጃ

ዩቲዩብ ላይ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሄኛው ይበልጣል፣ ያኛውን እንዳትገዙ የሚል ልጅ አታጡም። እኔ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሳይ ቶሎ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ በምን ለካው? ሁለቱም ካሜራ የተፈተነው በአንድ ብርሃን ነው? ባትሪው ሲለካ ሁለቱ ስልኮች አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ ነበር? ወይስ ልጁ ደስ ያለውን ነው የነገረን?

ዛሬ የማወራችሁ ሰው ይህን ጥያቄ ከ170 ዓመት በፊት ስለ ጠመንጃ ጠይቋል። መልሱን ለማግኘት ዓመታት ፈጀ፤ ከአራት የኳስ ሜዳ የሚረዝም አዳራሽ ሠራ። ፈተናውንም አሸነፈ። ጠመንጃውን ግን ጦሩ አልገዛውም። ስሙ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ዊትዎርዝ በ1803 ስቶክፖርት በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ አስተማሪ ነበር፤ በኋላም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ። እናቱ የሞተችው እሱ ገና ልጅ ሳለ ነው፤ ከዚያ ቤተሰቡ ተበተነ። በ14 ዓመቱ አጎቱ ወዳለበት የጥጥ ፋብሪካ ተላከ። አጎትየው ልጁን ነጋዴ ሊያደርገው ነበር ሐሳቡ። ልጁ ግን ልቡ ማሽኖቹ ላይ ነበር። 18 ዓመት ገደማ ሲሆነው ጠፍቶ ማንቸስተር ገባና ተራ መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ።

በ1825 ወደ ለንደን ሄዶ ሄንሪ ሞድስሌይ ወርክሾፕ ገባ። በዚያ ዘመን ከዚያ የተሻለ የማሽን ሥራ ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። እዚያ ነው እንግዲህ በሕይወቱ ሙሉ የተከተለውን ነገር የያዘው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ እውነተኛ ጠፍጣፋ ብረት እንዴት ይሠራል?

እስቲ አስቡት። አንድ ብረት ጠፍጣፋ መሆኑን ለማወቅ ጠፍጣፋ ከሆነ ሌላ ብረት ጋር ማነጻጸር አለባችሁ። ያኛው ጠፍጣፋ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ሁለት ብረት እርስ በርስ እየተያዩ ቢስተካከሉ አንዱ ትንሽ እንደ ጉብታ፣ ሌላው ትንሽ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ልክክ ብለው ሊገጥሙ ይችላሉ። ሁለቱም ጠማማ ናቸው፤ ግን ተስማምተዋል።

መፍትሔው ሦስተኛ ብረት ነው። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛው ከአንደኛው ጋር ሁሉም መግጠም ካለባቸው፣ ማናቸውም ጎባጣ ወይም ጎድጓዳ ሆነው ሊደበቁ አይችሉም። ቀለም እየቀባ ከፍ ያለውን ቦታ ይለያል፣ በመፋቂያ በጥቂት በጥቂቱ ይፍቃል፣ እንደገና ያነጻጽራል። ዊትዎርዝ ይህን አሠራር አሻሽሎ በ1840 ግላስጎው ላይ ለአገሩ ሳይንቲስቶች አቀረበው። ሁለት ሰው ስለተስማማ ብቻ ነገሩ እውነት አይሆንም፤ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። እኔ የዚህን ሰው ታሪክ የወደድኩት ከዚህች ነጥብ ተነስቼ ነው።

በ1833 ወደ ማንቸስተር ተመልሶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። በሩ ላይም ከለንደን የመጣ መሣሪያ ሠሪ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ሰቀለ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፋብሪካ ብሎኑን በራሱ ልክ ነበር የሚሠራው። የአንዱ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይገባም። ማሽን ተበላሸ ማለት ብሎኑን እንደ አዲስ ማሠራት ነው። ዊትዎርዝ ከየፋብሪካው ብሎን ሰብስቦ ለካ፤ አማካዩን ወስዶ በ1841 ለሁሉም የሚሆን አንድ ሰንጠረዥ አቀረበ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ለየውፍረቱም የጥርሱ ቁጥር ተወስኖለት። እንግሊዝ ቀስ በቀስ ተቀበለችው። ቀጥሎ የኢንችን አንድ ሚሊዮንኛ የሚለይ የመለኪያ ማሽን ሠራ። የአንድ ፀጉር ውፍረት ከሁለት ሺህ በላይ ቦታ ሲከፈል የአንዷ ድርሻ ማለት ነው።

ጠመንጃ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰውዬው ጠመንጃ ሠሪ አልነበረም። በ1854 እንግሊዝ የክራይሚያ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ለወታደሩ ኤንፊልድ የሚባለውን ጠመንጃ በብዛት የሚያመርት ማሽን ፈለገች። ዊትዎርዝ ይህን እንዲሠራ ተጠየቀ። የሰጠው ምላሽ መንግሥትን ሳያስገርም አልቀረም። በመጀመሪያ ጥሩ አፈሙዝ ምን ዓይነት እንደሆነ እንወቅ፣ ማሽኑ ከዚያ ይደርሳል የሚል ነበር አቋሙ። አስሬ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ እንደሚባለው። የጦሩ አዛዥ ሎርድ ሃርዲንጅ ደገፈው። ለሙከራው ወጪ መንግሥት ከፈለ፤ እሱ ለድካሙ ምንም አልጠየቀም።

ማንቸስተር አጠገብ በሚገኘው ግቢው 500 ያርድ፣ ማለትም 457 ሜትር የሚረዝም ጣሪያ ያለው የተኩስ አዳራሽ አሠራ። ለምን ጣሪያ? ነፋስ እንዳይገባ። ነፋስ ካለ ጥይቱን ያሳተው አፈሙዙ ይሁን አየሩ ማን ይለያል? የሚገርመው፣ አዳራሹ እንዳለቀ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ማዕበል አፈረሰው። እንደገና ተሠራ፤ ተኩሱ በ1855 ተጀመረ። ከአፈሙዙ እስከ ዒላማው ድረስ ስስ ወረቀቶች በየርቀቱ ተሰቀሉ። ጥይቱ እያንዳንዱን ወረቀት ሲበሳ መንገዱን ራሱ ይጽፋል፦ የት ላይ ዝቅ እንዳለ፣ ቀጥ ብሎ ወይስ እየተንገዳገደ እንደሄደ። ዛሬ ስሎው ሞሽን ቪዲዮ የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ ወረቀት ሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አለው። ጥይቱ እየተሽከረከረ እንዲወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። እንዝርት እየዞረ እያለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዙረቱ ሲደክም ይወድቃል አይደል? ጥይትም እንደዚያው ነው። ኤንፊልዱ ውስጥ ቦዩ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 78 ኢንች፣ ወደ ሁለት ሜትር ይፈልጋል። አፈሙዙ ራሱ 39 ኢንች ስለሆነ ጥይቱ ግማሽ ዙር ዞሮ ይወጣል ማለት ነው። የአፈሙዙ ስፋት 0.577 ኢንች ነበር።

ዊትዎርዝ የጥይቱን ክብደት አልነካም፤ 530 ግሬን፣ ማለትም 34 ግራም ገደማ። የቀየረው ቅርጹን ነው። ያንኑ እርሳስ አቅጥኖ አስረዘመው። ቀጭን ጥይት አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል፤ ረጅም ጥይት ግን በደንብ ካልተሽከረከረ ይገለበጣል። ስለዚህ ከዝግተኛው እስከ እብድ ፍጥነት ድረስ በየዓይነቱ የሚጠመዘዙ አፈሙዞችን እየሠራ ተኮሰ። በአንድ ኢንች ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር የሚዞረውን እንኳን ሞክሯል። መጨረሻ ላይ የረጋው 0.451 ኢንች ስፋት፣ በ20 ኢንች አንድ ዙር ላይ ነው። ውስጡንም ክብ ሳይሆን ባለ ስድስት ጎን አደረገው። ጥይቱም ባለ ስድስት ጎን ሆኖ፣ ከአፈሙዙ ጋር አብሮ የተጠማዘዘ፣ ልክ እንደ ዳዶና ብሎን የሚገጥም።

በ1857 ሃይዝ በሚገኘው የጦሩ የተኩስ ትምህርት ቤት ሁለቱ ጠመንጃዎች ፊት ለፊት ተፈተኑ። አለካኩን ልብ በሉ። ብዙ ጥይት ይተኮሳል፣ የቀዳዳዎቹ መሃል ይፈለጋል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቀ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። አንድ ጥሩ ጥይት መርጦ ማሳየት የለም። በ500 ያርድ የኤንፊልዱ አማካይ ርቀት ወደ 68 ሳንቲ ሜትር፣ የዊትዎርዝ ግን ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በ800 ያርድ ኤንፊልዱ ከአንድ ሜትር በላይ ተበተነ፤ ዊትዎርዝ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ቆየ። ይህ ብልጫ ሳይሆን ሌላ ዓለም ነው።

በሐምሌ 1860 ዊምብልደን ላይ የብሔራዊ ጠመንጃ ማኅበር የመጀመሪያ ውድድር ሲከፈት የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። የዊትዎርዝ ጠመንጃ በብረት ማቆሚያ ላይ ተጠምዶ ተዘጋጀላት፤ እሷ የሐር ገመድ ብቻ ሳበች። ጥይቱ 400 ያርድ ሄዶ ከዒላማው መሃል አራት ሳንቲ ሜትር እንኳን ሳይርቅ አረፈ። የዚያን ዓመት የንግሥቲቱን ሽልማት የወሰደው ኤድዋርድ ሮስም በመጨረሻው ዙር የተኮሰው በዚሁ ጠመንጃ ነው።

ታዲያ ጦሩ ለምን እምቢ አለ? ለዓመታት ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ተሰበሰበ፣ ዘገበ። ደጋፊው ሃርዲንጅ ከሃይዙ ፈተና በፊት በ1856 ሞቷል። የቀሩት መኮንኖች አፈሙዙ ለውጊያ በጣም ጠበበ አሉ። በዚያ ዘመን ባሩድ ሲነድ ወፍራም ጥላሸት ይተዋል፤ ጠባብ አፈሙዝ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ጥይቱም ከአፉ በኩል ተገፍቶ ስለሚገባ ጭቃ ውስጥ የተኛ ወታደር ለማጉረስ ይቸገራል። ዋጋውም ከኤንፊልዱ ብዙ እጥፍ ነበር። የተወሰነ ቁጥር ለሙከራ ለጦሩ ክፍሎች ታደለና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሲተርኩ መኮንኖቹን ደደብ ያደርጓቸዋል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ዊትዎርዝ የለካው አንድ ነገር ነው፦ አፈሙዙ ጥይቱን ምን ያህል አንድ ቦታ ላይ ይጥላል? ያንን በማንም ያልተለካ ጥራት ለካው። መኮንኖቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበራቸው፦ የፈራ፣ የደከመ፣ እጁ የቆሸሸ ወታደር በሃምሳኛው ጥይት ላይ ምን ይሆናል? ለመቶ ሺህ ሰው ለመግዛትስ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አዳራሹ ነፋሱን ሲያስቀር ጭቃውንም አስቀርቶት ነበር። ፈተናው ትክክል ነው፤ ግን ጦርነቱን በሙሉ አልፈተነም።

ጠመንጃው ግን ጦርነት አላጣም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደቡቦቹ ጥቂቱን በባሕር ከበባው አሳልፈው አስገቡ። ለምርጥ አላሚዎቻቸው ሰጧቸው፤ አንዳንዱ ላይ በጎኑ የሚታሰር መነጽር ተገጠመ። ግንቦት 9 ቀን 1864 ስፖትሲልቬኒያ ላይ የሰሜኑ ጄኔራል ጆን ሴጅዊክ ከሩቅ በተተኮሰ ጥይት ፊቱን ተመቶ ወደቀ። ጠመንጃው የዊትዎርዝ እንደነበር ይነገራል። ይህን ሳነብ ዝም እላለሁ። ወረቀት ላይ 11 ሳንቲ ሜትር የነበረችው ቁጥር እዚህ ሰው ሆነች። ትክክለኛነት ራሱ ጎን የለውም፤ የያዘው እጅ ነው ጎን የሚሰጠው።

የተሸነፈው ኤንፊልድስ? እሱ ወደ እኛም መጥቷል። በ1866 የኋላው ተቆርጦ በጃኮብ ስናይደር ዘዴ ከኋላ የሚጎርስ ሆነ። በ1868 የእንግሊዝ ወታደሮች መቅደላ ድረስ ይዘውት የወጡት ያንን ነው። በፉከራና በቀረርቶ ሰናድር ሲባል የምትሰሙት ቃል የመጣው ከዚህ ስናይደር ነው። በ1871 እንግሊዝ ለወታደሯ አዲስ ማርቲኒ ሄንሪ ስትመርጥ ግን የጥይቱ ስፋት 0.45 ኢንች ሆነ፣ አፈሙዙም ባለ ብዙ ጎን። ያ ጠባብ የተባለው ልክ ማለት ነው። ጥይቱ ከኋላ ሲጎርስና በናስ ቀለህ ሲታሸግ የማጉረሱ ችግር ቀለለ፤ የዊትዎርዝ ቁጥርም ቦታውን አገኘ።

እሱ ራሱ በዚያው በ1868 ገንዘቡን ወደ ወጣቶች አዞረ። በዓመት 3000 ፓውንድ መድቦ ለ30 የምህንድስና ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል አቋቋመ። ቅድመ ሁኔታው ደስ ይላል፦ ተፈታኙ በወረቀትም በእጅም ማለፍ አለበት። ሒሳብ ብቻ የሚችል፣ ሞረድ ብቻ የሚይዝ አይበቃም። ዕድሉ እስከ ዛሬ ይሰጣል። ዊትዎርዝ በጥር 1887 ሞንቴ ካርሎ ላይ ሞተ፤ ዳርቢሸር ውስጥ ዳርሊ ዴል ተቀበረ።

እንግዲህ ቀጣዩን ግምገማ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከሚፈተነው ነገር ሌላ ያለው ሁሉ እኩል ነበር ወይ? ሦስተኛው ብረት፣ ማለትም ከሁለቱ ጋር ያልተስማማ ምስክር የታለ? ደግሞስ ፈተናው ምን አስቀረ፣ የእኔ ጭቃ ውስጡ አለ ወይ?

ቪዲዮውን የቀረጸው ልጅ ምናልባት ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሮት ይሆናል። እዚያ ላይ ያለችውን ብሎን አንድ ቀን በደንብ እዩዋት። ሩብ ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ዊትዎርዝ ለሩብ ኢንች ብሎን በሰንጠረዡ ላይ የጻፈው ቁጥርም 20 ነበር።